በቃኝ ያላለችበት ግድግዳ

ጥቅምት 6

ደብተሩን የገዛችልኝ ልጄ ናት። ጠዋት ጠዋት የደም ግፊትህን ለካና ጻፍ፣ ሐኪሙ ሲጠይቅህ ታሳየዋለህ አለችኝ። የዛሬው ደህና ነው። የትናንቱም ደህና ነበር። ለዚች ለዚች ይሄን የሚያህል ደብተር?

ሻይ አፈላሁ። ዳቦው ደርቋል፤ ነክሬ በላሁት። ግቢ ጠረግሁ። ከሰዓት ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው መጣ፣ ዳማ ተጫወትን። ሁለቴ አሸነፍኩት። በሦስተኛው ጠጠር ሰረቀኝ። ስይዘው ደግሞ «መነጽርህን ቀይር» ይለኛል። ዓይኔ ምን ሆነ? ዕድሜ ልኬን ቤት ስቀባ፣ ነጭን ከነጭ ስለይ የኖርኩ ሰውዬ... ሌባ!

ገጹ ስለተረፈ ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት። እጄ ዛለ። ፊደል እንደ ጡብ ነው፤ አንድ በአንድ ሲደረድሩት ይከብዳል።

ጥቅምት 9

ማዘጋጃ ቤቶች መጡ። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ቀይ ቀለም ይዟል። አጥሬ ላይ ምልክት አድርገው ሄዱ። መንገዱ ሊሰፋ ነው። ቤቴ መስመሩ ውስጥ ገብቷል። ከክረምት በፊት ይፈርሳል ተባለ።

ያናደደኝ መጀመሪያ ቀለሙ ነው። አቅጥነውታል። እስከ መሬት ድረስ ተንጠባጠበ።

«ወንድሜ፣ የቡርሹን ጫፍ ብቻ ንከር እንጂ! ገላውን ልታጥበው ነው እንዴ?» አልኩት።

«አባባ፣ የሚፈርስ ነገር እኮ ነው» አለኝ።

የሚፈርስ ነገር... ከሄዱ በኋላ መኝታ ቤት ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳውን አየሁት። እሱም አየኝ።

ጥቅምት 10

ልጄ እየሮጠች መጣች። ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ፣ መስኮቱ ወደ ፀሐይ ነው ትላለች። እንቢ አልኩ።

«አባዬ፣ እንቢ የምትለው እኔን ነው መንገዱን?»

«ሁለታችሁንም።»

ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈና ሳቋን ተወችው።

ጥቅምት 11

ስለ ግድግዳው ልጻፍ። ለማንም አይደለም። ለራሴ እንዲጠራልኝ ነው።

መኝታ ቤታችን ውስጥ ከአልጋው ፊት ለፊት ያለው ነው። ከጥግ እስከ ጥግ የሚስቴ ነው። ስትቀባው ኖረች። ሰው የለበትም፣ ዛፍ የለበትም፣ ቤት የለበትም። ቀለም ብቻ። ረቂቅ ሥዕል ይሉታል። ምኑ ነው የሚረቀው? ይሄን የሚያህል ግድግዳ! ሰው መጥቶ «ምንድን ነው ይሄ?» ሲላት «ግድግዳ ነው» ትለው ነበር። ሌላ መልስ ሰጥታ አታውቅም።

ቀን ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፣ ማታ ትቀባለች። ቀለሙ ከእኔ ሥራ የተረፈ ነው። የሆስፒታል አረንጓዴ፣ የትምህርት ቤት ቢጫ፣ የጋራዥ ሰማያዊ። እኔ ቀለሜ እላታለሁ፣ እሷ ኖራው ትለኛለች።

ሕጋችን እንዲህ ነበር። ትቀባለች። ወር ይፍጅ፣ ዓመት ይፍጅ፣ አልጠይቅም። ሲበቃት ቡርሿን ታጥብና «በቃኝ፤ አልብሰው» ትላለች። እኔ በነጭ አለብሰዋለሁ። ሲደርቅ እንደገና ትጀምራለች። ስንት ጊዜ እንዳለበስኩት ማን ቆጠረ? ግን በቃኝ ሳትል ጣቴን አሳርፌበት አላውቅም።

የመጨረሻውን ሳትጨርስ ሆስፒታል ገባች። ከላይ በቀኝ በኩል የትከሻ ስፋት ያህል ነጭ ቀረ። የእኔ ነጭ። የሞተችው እኔ ራሴ አረንጓዴ የቀባሁት ኮሪደር ዳር ነው። ስለ መስኮቱ አወራች፣ ስለ ልጃችን አወራች። በቃኝ አላለችም።

ስለዚህ አላለቀም። ያላለቀ ነገር አይለብስም። የትም አይሄድም።

ጥቅምት 17

የሙዚየሟ ሴትዮ መጣች። ባለመነጽሯ ነው የምላት። አምና አልጋ ስር የነበሩትን ሚስቴ የቀባቻቸውን ጣውላዎች የወሰደችው እሷ ናት። ስለ መንገዱ ሰምታ ነው የበረረችው። ግድግዳው ሳይፈርስ ተቆርጦ ይወጣል፣ ሙዚየም ይቆማል አለች። ባለሙያ አለን አለች። የመጨረሻ ሥራቸው ነው፣ ከጠፋ ጠፋ ነው አለች።

«አላለቀም» አልኳት።

«ጋሼ፣ ለእኛ ያለቀ ነው።»

«ለእናንተማ ሁሉ ነገር ያለቀ ነው።»

ነገሩን ልታለዝበው ነው መሰለኝ፣ መቅረጫዋን አውጥታ ጥያቄ ጀመረች።

«ይህ ቀይ ምንን ይወክላል?»

«ማክሰኞን።»

ጻፈችው! በእግዜር ስም! ቀልዴን ነው ብዬ እስክነግራት ድረስ ጻፈችው።

«እዚህ ግድግዳ ላይ ባለቤትዎ መጀመሪያ የሠሩት ምን ነበር?»

«አላስታውስም።»

«እርስዎስ የት ነው የተማሩት?»

«እንደ ሰው ተምሬያለሁ።»

ዋሸሁ። ሁለቱንም። ምን አገባት?

ጥቅምት 18

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ደብተሩ ደግሞ አፍ የለው...

ስንጋባ ፊደል አልለይም ነበር። የቀለም ቆርቆሮ የምለየው ክዳኑ ላይ በደረቀው ጠብታ ነው። ለፎርማኑ በአውራ ጣቴ እፈርማለሁ። የሒሳብ አስተማሪ ያገባ ሰው! አንድ ቀን ከሰል ይዛ መጣች። «ከዛሬ ጀምሮ ግድግዳው ደብተርህ ነው» አለችኝ። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ከታች ጥግ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ቀለም በሚለው ቀ ነው የጀመርነው፤ እንጀራዬ ስለሆነ። ክቡ አልወጣልኝ አለ። «ይሄ ቀ ነው ድስት?» ትለኛለች። በሳቅ ትፈርሳለች።

የሥራ ጓደኞቼ ሊመጡ ነው የተባለ ቀን አፈርኩ። ሳልነግራት ግድግዳውን ነጭ ቀባሁት። ጠዋት ስንነሳ ከሰሉ ከስር ወጥቶ ይታያል። ሁለተኛ ልደግመው ቆርቆሮ ልከፍት ስል እጄን ያዘችኝ። «ተው! እየው እስቲ... ከነጩ ስር ሲያጮልቅ።» ከእኔ ቆርቆሮ ቢጫ ነክራ ከዚያው ከፊደሌ ጥላ ላይ ጀመረች። ሌሊቱንም አልተኛች።

ሁሉ ነገር የተጀመረው እዚያ ነው። ባለመነጽሯ ስለ ሚስቴ ባሳተመችው መጽሐፍ ላይ ስለ ስልቷ ገጽ ሙሉ ጽፋለች፤ ከማን እንደወሰደችው፣ ከየት እንደመጣ። ይጻፉ። «ባሏ መሃይም ነበር» ብለው እንዲጽፉ ግን አልሰጣቸውም።

ኅዳር 5

ግፊት ትንሽ ከፍ ብሏል። ምክንያቱ ልጄ ናት።

«እማዬ ብትሆን ምን ትል ነበር?» ትለኛለች።

«ብትኖር በቃኝ ትል ነበር፣ እኔም አለብሰው ነበር፣ ባለመነጽሯም ባዶ እጇን ትሄድ ነበር።»

«አሁን ግን የለችም፣ አባዬ።»

በሩን ዘግቼባት ወጣሁ። ከራሴ ቤት።

ኅዳር 19

መንገዱ ማዶ አንድ ቤት አፈረሱ። ዶዘሩ ጠዋት ገባ። ለምሳ ስቀመጥ ቤቱ የለም። አንድ ግድግዳ ብቻ ቆሞ ቀረ፣ የልጆች ክፍል ነበር መሰለኝ፣ ሮዝ ቀለም። ማን እንደቀባው አውቃለሁ። ጎበዝ ነበር። ከዚያ እሱንም ገፉት።

ልብስ ሰፊው አጠገቤ ቆሟል። የእሱ ቤት ከመስመሩ ተርፏል።

«አንተ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ሚስትህ በቃኝ ካላለች ማንም በቃኝ አይልላትም ነው የምትለው?»

«አዎ።»

«እንግዲያስ ያ ነዋ የሚልላት» ብሎ በአገጩ ዶዘሩን አሳየኝ።

ይሄ ዝርክርክ ልብስ ሰፊ! ዕድሜ ልኩን አንድ ሱሪ በቀጠሮው አድርሶ የማያውቅ...

ዳማ አልተጫወትንም።

ኅዳር 20

ለባለመነጽሯ በልጄ ስልክ ደወልኩ። እሺ አልኩ፤ ግን ሦስት ነገር። ነጩን ቦታ ማንም አይነካውም። ስሙ ያለበት ካርድ ላይ አላለቀም ተብሎ ይጻፋል። ሲነካ ደግሞ እኔ ቆሜ ነው።

ሁሉንም እሺ አለች። ቶሎ ነው እሺ ያለችው። ሰው እንዲህ ቶሎ እሺ ሲል ደስ አይለኝም።

ታኅሣሥ 12

ባለሙያዋ ጀመረች። ወጣት ናት፣ ቀጭን፣ ሙጫ ሙጫ ትሸታለች። ባለሙጫዋ አልኳት። ስትገባ አንድም ቃል ስለ ሥዕሉ አልተናገረችም። እጇን ታጠበች፣ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ በጣቷ ታንኳኳለች። በር ላይ የቆመ እንግዳ ነው የምትመስለው።

«ይከፍቱልሻል?» አልኳት።

«እየመጡ ነው መሰለኝ፣ አባባ» አለችኝ።

ወደድኳት። አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 16

የታችኛው ጥግ እርጥበት በልቶታል ትላለች። ቀለሙ ከልስኑ ተላቅቋል፣ ውስጡ ክፍት ነው። ስታንኳኳው የባዶ ሣጥን ድምፅ ይሰጣል። እዚያ ጋ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል አለች።

ምሳ አብረን በላን። እኔ ዳቦ፣ እሷ እንቁላል አምጥታ። አባትሽም ቀለም ቀቢ ነበር ወይ አልኳት። አይ፣ ነርስ ነበር አለች።

«በሚቀጥለው ሳምንት ፊቱን እንሸፍነዋለን» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ።

ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አንሶላ ይጥሉበታል ብዬ ነው። እኔ ደግሞ በቀለም ነገር ሰው ልጠይቅ?

ታኅሣሥ 24

ዛሬ የሠራሁትን ሥራ ጠላቴም አይሥራው።

የሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ። ልጄ በግድ ወሰደችኝ። ስመለስ ባለሙጫዋ ግቢ ቆማ እጇን ትታጠባለች። ፈገግ አለችልኝ። መኝታ ቤት ገባሁ።

ግድግዳው ነጭ ነው።

ከጥግ እስከ ጥግ። ቀዩ የለ፣ አረንጓዴው የለ። የተወችው ባዶ ቦታ እንኳ ከሌላው አይለይም። አለበሷት! በቃኝ ሳትል አለበሷት! ሌላ ነገር አልታሰበኝም። ተንበርክኬ በታችኛው ጥግ ያዝኩና ጎተትኩት። እርጥብ ነው። ጨርቅ መሆኑን ያወቅሁት እጄ ላይ ሲመጣ ነው። ከጨርቁ ጋር ደግሞ ቀለሙ መጣ። እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት ድምፅ ነበረው።

«አባባ!»

ሮጣ መጥታ እጄን ያዘች። አላመመኝም። እንዳልጎትት ብቻ ነው የያዘችኝ።

«ሽፋን ነው... ስንቆርጠው እንዳይረግፍ ስስ ጨርቅ በሙጫ የምንለጥፍበት። ኋላ በሞቀ ውሃ ይነሳል። ከስሩ ምንም አልሆነም» አለችና ታች ጥጉን አየችው። «...ነበር።»

ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ መሬት ላይ። የክንድ ርዝመት ያህል የሚስቴ ቀለም በእጄ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ነግሬዎት እሺ ብለውኝ ነበር እኮ» አለች ባለሙጫዋ። እንደ ወቀሳ አይደለም። ለራሷ ነው የምታወራው።

አዎ፣ እሺ ብዬ ነበር። እኔ ቆሜ ካልሆነ አይነካም ያልኩትም እኔ፣ ትቼው የሄድኩትም እኔ።

ታኅሣሥ 25

ግፊት አልለካሁም።

ታኅሣሥ 27

ልብስ ሰፊው የዳማውን ሰሌዳ ይዞ መጣ። ሰምቷል። ሦስት ጊዜ እንዳሸንፈው ለቀቀኝ። ይሄ ይብሳል።

ታኅሣሥ 29

ባለሙጫዋ ተመለሰች። የተላጠውን ቀለም ወረቀት መሃል አስተኝታ ይዛዋለች። ይመለሳል፣ ቁራጩ አልተሰበረም፣ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ አለች። ከዚያ መብራቷን ወደ ተላጠው ጥግ አዞረች።

«አባባ፣ ይምጡ እስቲ። ይህን ያዩታል?»

በርጩማዬን ስቤ ተቀመጥኩ። ቀለሙ ከነጓዙ ነው የተነሳው፣ እስከ ታችኛው። ከሁሉ ስር፣ ልስኑ ላይ፣ ጥቁር መስመር አለ። ክብና ቋሚ።

አወቅሁት። እንዴት አላውቀው?

«ስንጥቅ ነው» አልኳት።

«ስንጥቅ ክብ ይሠራል እንዴ?»

«አንዳንዱ ይሠራል።»

አየችኝ። ከዚያ መብራቷን አጠፋችና «እሺ፣ ስንጥቅ ነው» አለች። ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። እኔ ግን መነሳት አቃተኝ። በዚያው በርጩማ፣ በዚያው ጥግ... ጉልበቴ ብቻ ነው የተለወጠው።

ከኋላዬ «ቀ ነው ድስት?» የሚለኝ ሰው ያለ መሰለኝ። ዞሬም አየሁ። ሞኝ ሽማግሌ።

ጥር 2

ለባለመነጽሯ ደወልኩላት። «ያንን መቅረጫሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት። ልጄንም ነይ አልኳት። ልብስ ሰፊውን አልጠራሁትም፤ ራሱ መጣ።

በርጩማው ላይ ተቀምጬ ነገርኳቸው። አውራ ጣቱን፣ ክዳኑን፣ ከሰሉን። ያፈርኩበትን ቀን። ከነጩ ስር ሲያጮልቅ እጄን እንደያዘችኝ። ባለመነጽሯ አላቋረጠችኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ስጨርስ «ጋሼ፣ ለምን እስካሁን አልነገሩኝም?» አለች።

«አልጠየቅሽኝማ።» ከዚያ ትንሽ ቆየሁ። «ጠይቀሽኛል። ዋሽቼሽ ነው። እሱንም ጻፊው።»

ልጄ ዓይኗ ፈጦ ነው የምታየኝ። «አባዬ፣ እኔን ሀ ሁ ያስቆጠርከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። አንቺ ሀ ላይ ስትሆኚ እኔ ገና ጰ ላይ ነበርኩ። እንዳትደርሺብኝ ነው የምሮጠው።»

መጀመሪያ የሳቀው ልብስ ሰፊው ነው። ከዚያ ሁላችንም። ልጄ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ እንደ እናቷ ናት፣ ሁለቱን ለይታ አታውቅም።

ሲሄዱ ልብስ ሰፊው ወደ ኋላ ቀረ። «እኔም መጀመሪያ የሰፋሁት ሱሪ ሁለቱም እግሩ የግራ ነበር» አለኝ።

«አሁንስ?» አልኩት።

ጥር 21

ቆረጡት። ዛሬ ቆሜ አየሁ፣ የትም አልሄድኩም። ከጀርባ በኩል ጡቡን አንድ በአንድ አወረዱ። ልስኑና ቀለሙ ብቻ ሲቀር በጣውላ አቀፉት። አራት ሰው ቀስ ብሎ አዞረው። በመኝታ ቤቴ ውስጥ ጎረቤት ታየኝ፣ ሰማይ ታየኝ፣ የልብስ ሰፊው ገመድ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ ታየኝ።

መኪናው ላይ ሲጫን ሾፌሩን «ቀስ በል» አልኩት።

«ምንድን ነው የጫንኩት፣ አባባ?»

«ግድግዳ ነው።»

ጥር 23

ልጄ ቤት ገባሁ። አልጋ፣ በርጩማ፣ ራዲዮ፣ የዳማ ሰሌዳ። ቡርሾቼንም ይዤ መጣሁ። «ምን ያደርጉልሃል?» አለች። «ምንም» አልኩ።

የካቲት 14

ቤቱ ፈረሰ። አልሄድኩም። ልብስ ሰፊው በስልክ ነገረኝ። «አቧራ ብቻ ነው» አለ። ከዚያ እሁድ መጥቼ አሸንፍሃለሁ አለ።

መጋቢት 8

ሙዚየሙ ምድር ቤት ውስጥ የባለሙጫዋ ሥራ ቤት አለ። ግድግዳው ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ጨርቁን በሞቀ ውሃ እያራሰች አነሳችው። ቀዩ ወጣ፣ አረንጓዴው ወጣ። ነጩ ቦታም ወጣ፣ ማንም አልነካውም። የቀረው ያ ጥግ ነው። የእኔ ቀ ተገልጦ ተቀምጧል።

ባለመነጽሯ ክፍት ይሁን ትላለች። ሰው ሁሉ ይየው፣ ታሪኩ እዚያ ነው ትላለች። ልጄም ክፍት ይሁን አለች። ባለሙጫዋ ብቻ «አባባ ይበሉ» አለች።

ውሸት ለምን እጽፋለሁ፣ ደስ ብሎኛል። የእኔ ፊደል በሙዚየም! ልብስ ሰፊውን በአፍንጫው ይዤ አምጥቼ ባሳየሁት! ቆሜ ብዙ አየሁት። ግን እሷ በላዩ ላይ ሠርታበታለች። ፈልጋ ነው። የላጥኩት እኔ ነኝ፣ በንዴት። የእኔ እንዲታይ ብላ አይደለም እሷ የቀባችው፤ የእኔ ከስር እንዲኖር ብላ ነው።

«መልሺው» አልኳት ባለሙጫዋን።

«ፊደልዎ ይሸፈናል እኮ።»

«ድሮም ተሸፍኖ ነው የኖረ። ምን ሆነ?»

ቁራጩን አስቀመጠችው። ሙጫው እስኪይዝ በእጅ መጫን አለበት አለች። መዳፌን አሳረፍኩበት። ሳትነግረኝ አልነሳም ብዬ ነው የቆየሁት፤ እሷም ቶሎ አልነገረችኝም። ክንዴ ደነዘዘ። አንዴ አሁን ይበቃል ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። እኔም የሞቀ ግድግዳ እንደዳሰስኩ... ሙቀቱ የእኔው እጅ ነው። አውቃለሁ። ቢሆንም።

ከዚያ ያልኩት ነገር አለ። ለሰው ብዬው የማላውቀው። «ይቅርታ፣ ልጄ» አልኳት።

«ለእኔ ነው ለእሳቸው?» አለች።

«ተካፈሉት።»

ሚያዝያ 3

አዳራሹን አሳዩኝ። ግድግዳው ቆሟል። ካርዱ ላይ አላለቀም ተብሎ ተጽፏል፣ ራሴ አነበብኩት፣ ሁለቴ። ከስሩ ደግሞ ትንሽ ጽፈዋል፤ መጀመሪያ ባሏን ፊደል ያስተማረችበት ግድግዳ ነው ይላል። ባለመነጽሯ መሃይም የሚለውን ቃል አላስገባችም። ቢገባም እችለው ነበር። መሰለኝ።

ችግሩ በዙሪያው ያለው ነጭ ነው። በሮለር ተቸኩሎ የተሠራ፣ መስመሩ ይታያል። ይሄ ነጭ ነው? ወተት ፈሶበት የተጠረገ ነው የሚመስለው! ቡርሼን ካላመጣሁ አልኩ። ጥበቃው፣ ባለመነጽሯ፣ ልጄ፣ ሁሉም ተንጫጩ። መሰላል አትወጣም አሉኝ። እሺ፣ አልወጣም። እጄ የሚደርስበትን ያህል ከታች በኩል ቀባሁት። ከዚያ በላይ የእነሱ ነው፣ ከዚያ በታች የእኔ ነው። ዓይን ያለው ያያል።

ሚያዝያ 10

ተከፈተ። ሰው በሰው ሆነ። አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ አጠገቤ ቆሞ አንገቱን ያጣምማል። «ምንድን ነው ግን ይሄ?» አለኝ።

መልሱን አላጣሁትም።

ግንቦት 22

ልብስ ሰፊው ሙዚየም ሄዶ ነበር። ለብቻው፣ ደህና ኮቱን ለብሶ። «ያንተን ቀ ፈለግሁት፣ አጣሁት» አለኝ።

«አለ» አልኩት።

«የት?»

«አለ አልኩህ። ተራህ ነው፣ ተጫወት።»

ሰኔ 2

ግፊት ደህና ነው።

መስኮቱ እውነትም ወደ ፀሐይ ነው። ጠዋት ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ከአልጋዬ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ነጭ ነው። ልጄ ከመምጣቴ በፊት አስቀብታው ነበር። ሥራው አይነቀፍም። ተኝቼም ተቀምጬም ስንት ቀን አየሁት፤ አንድ እንከን አላገኘሁበትም። እንዲህ ያለ ነጭ ስቀባ ነበር የኖርኩት። ቀብቼ እወጣለሁ፣ ሰው ይገባበታል። አብሬው አድሬ አላውቅም ነበር። አሁን አደርኩ። ምንም አይልም...

ዛሬ ሻዬን ሳልጠጣ ተነሳሁ። ከጓሮ ከሰል አነሳሁ። በርጩማዬን ወደ ታችኛው ጥግ ሳብኩ። እጄ መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ንጹህ ግድግዳ ማቆሸሽ የለመደ እጅ አይደለም። ከዚያ ጻፍኩ። ቀ። ክቡ አሁንም ድስት ነው። ከጎኑ ሌላ ጻፍኩ። ያም ድስት ነው። ሦስተኛው ትንሽ ይሻላል።

ልጄ ሻይ ይዛ ገባች።

«አባዬ! ምን እያደረግህ ነው?»

«አይታይሽም? ግድግዳ እያቆሸሽኩ።»

ሻዩን መሬት አስቀምጣ ከኋላዬ ቆመች። ከሰሉ እጄንም ሱሪዬንም አጥቁሮታል። አልተቆጣችም።

«ታዲያ ማን ነው የሚያለብሰው?» አለችኝ።

«በቃኝ ስል እነግርሻለሁ።»